ምርመራ በሚለው ዓምድ

ሽፋን የላት፣ ስም የላት፣ ዘጠኝ ገጿ ጎድሏል፤
አዛናው «ሠላሳ ብር፣ ካነሰ ይቅር» ብሏል።
«ምንድን ናት?» ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፣
«ተረት ቢጤ ናት» አለኝ፤ ደግሞ ብቻውን ሣቀ።
በአንድ ሌሊት ታልቃለች፣ ቀጭን ነው ገላዋ፤
የረጠበ ድንጋይ ነው ከሩቁ ሽታዋ።

እኔ ቁጥር ነው ሥራዬ፤ ቀን ቀን ቆጣሪ አነባለሁ፣
ከቀበሌ አሥራ ስምንት እስከ ቁስቋም እወጣለሁ፤
ክዳኑን አንሥቼ፣ ድሩን በጣቴ ጠርጌ፣
አጎንብሼ እጽፋለሁ፣ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ።
ወር ሙሉ ውሃ ባልመጣበት ሰፈር
የውሃ ቆጣሪ ማንበብ፣ እርሱም ተረት ነበር።

በታሪኩ አንድ ንጉሥ ዕዳ ነበረበት፤
ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ገጹ ተቀዶበት።
ወንዙን አስይዞ ተበደረ። ቀኑ ደረሰ። አልከፈለም።
ለምኖ ቀን እንኳ አላስጨመረም።
አበዳሪው መጣና ወንዙን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ
በትከሻው ይዞት ሄደ፣ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ «ደህና ዋሉ» ብሎ።
ዓሣዎቹ አሸዋ ላይ ቀሩ፤ ድልድዩ አፈረ፤
ሰዉም ወንዝ የሚለውን ቃል ከአፉ አባረረ።
ከስንት ዘመን በኋላ ወንዙ ተመለሰ፣
በሰው እግር፣ በሌሊት፣ ካፖርት እንደለበሰ።
በየደጁ አንኳኳ፣ ከጫፉ እየተንጠባጠበ፤
«የመሸበት፣ የእግዜር እንግዳ»፤ ማንም ወደ በሩ አልቀረበ።
ፈርተውት ነው? አይደለም።
ምንጣፉ እንዳይረጥብ ነው። ሌላ ምክንያት የላቸውም።

እዚህ ጋ መጽሐፏን ግድግዳ ላይ ወረወርሁ።
እውነቴን ነው። ከዚያ ተነሥቼ አቧራዋን አራገፍሁ።
ንዴቴ በጸሐፊው ነበር፣ ስሙን እንኳ ሳላውቅ፤
እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ሰው እንዴት ይተኛል ሳይጨነቅ?
መጨረሻዋ ደግሞ ይባስ፦ አንዲት ሴት፣ ስም ያልተሰጣት፣
መወርወሪያውን ያዘች፤ ብረቱ ጣቷን ቀዘቀዛት፤
አለቀ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት።
መክፈቷን፣ አለመክፈቷን ለእኔ ተወልኝ፣ እንደ ውርስ፣ እንደ ቅጣት።

በማግሥቱ በፋሲል መዋኛ በኩል አለፍሁ፤
ቆም ብዬ ከአጥሩ ጥግ ወደ ውስጥ አየሁ።
ገንዳው ደረቅ ነው። ለጥምቀት ካልሆነ ቀሃ አይጋበዝም፤
በዓመት አንዴ የሚጠሩት ደግሞ ዘመድ አይባልም።
የዋርካው ሥር ግንቡን ጨብጧል፣ ጣት በጣት፣ እንደ ለማኝ፤
መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አስደነገጠኝ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ቤት ቆጣሪው ሦስት ኪዩብ ጨምሯል።
«ሃያ ሦስት ቀን ጠብታ አላየሁም፤ ይህ ምኑን ቆጥሯል?»
መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለሰው ሁሉ የምለው ነው፦
«አየር ነው እመቤቴ፤ በባዶ ቧንቧ የሚያልፍ አየር ነው የሚያዞረው።»
ያን ቀን ግን አላልሁትም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ፤
ከመስተዋቱ ሥር ቀይዋ መርፌ ስትዞር አየሁ።
አንድ ሰው ከሩቅ፣ እግሩን እየጎተተ ዳገት የሚወጣ
ይመስላል ድምፁ፤ ደርሶ ሊያንኳኳ የመጣ።
ምርመራ በሚለው ዓምድ፣ በእርሳስ፣ በትንሽ ፊደል
«እንግዳ» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ምን ይበል?

ማታ ስለ ዘጠኙ ገጽ ልጠይቅ ብሄድ የአዛናው ሱቅ ዝግ ነበር።
ቤቴ ገባሁ። ምንጣፌን ጠቅልዬ አቆምሁት፣ ከግድግዳው ዳር።
መወርወሪያውንስ? እርሱን አልናገርም።
እርሷም አልነገረችኝም።