ቀዩ እርሳስ

ኮዬ ፈጬ ጥጉ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
የሽምብራ ማሳ ፎቅ ከበቀለበት፣
ሲሚንቶ እጠብቃለሁ፣ ፌሮና አሸዋ፤
ሌቦቹም ጎረቤት፣ ቀን ሲያገኙህ ጨዋ።

ከእኔ በፊት ጠባቂው ጋሽ ድንበሩ ነበር፤
ወደ ገላን ሳይት ሲዛወር በኅዳር፣
ትቶልኝ የሄደው አንድ ነገር ብቻ፦
ቅዱስ መጽሐፍ ያለው የሲሚንቶ ስልቻ።
«ረስተኸዋል» ብዬ ብደውል በማታ፣
«አልረሳሁትም» አለኝ፣ በዝግታ።
ዘጋው።

ከልጅነቴ ጀምሮ መጽሐፉን ስሜዋለሁ፣
በግንባሬ ነክቼ ትራሴ ሥር አኑሬዋለሁ፣
ገልጦ ማንበቡን ግን ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ።

መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ስልኬም ቻርጅ ጨርሶ፤
በእጅ ባትሪ ገለጥኩት፣ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ደርሶ።
የስም ዝርዝር ገጠመኝ፤ እገሌ እገሌን ወለደ፤
ዓይኔ ከአባት ወደ ልጅ እየወደቀ ሄደ፤
ሦስት ትውልድ ሳልሻገር እንቅልፍ ይዞኝ ነጎደ።
በነጋታው ደግሞ፣ በሦስተኛውም ማታ፣
እንደ ደረሰኝ ቆጠርኩት፣ በጥድፊያ፣ በይሉኝታ።

ገጹ ዳር ላይ ግን፣ አናጢ በሚያሰምርበት
ቀይ እርሳስ፣ የጋሽ ድንበሩ ጎባጣ ፊደል ነበረበት፦
«ቀስ በል።»
ዝቅ ብሎ፦ «እዚህ አልገባኝም።»
ዝቅ ብሎ፦ «እኔ ብሆን ይቅር አልለውም።»
ከዚያ አንድ «ለምን?» ብቻ፤ ለምኑ አይታወቅም።

መጀመሪያ ቅር አለኝ። በቅዱስ ነገር ላይ
እርሳስ ይሳላል ወይ? ይጠየቃል ወይ?
ያቺ «ለምን» ግን እንደ ሚስማር ጫማዬ ውስጥ ገባች፤
ቀን ስተኛ ወጋች፤ ማታ ስነሳም ወጋች።
ምን አይቶ ነው ብዬ ወደ ላይ ተመለስኩ፤
ከዚያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወዲያ አሰስኩ።
አንዱ ቃል ይጣራል፤ ከሩቅ ገጽ ዘመዱ «አቤት» ይለዋል፤
በመሃል የሚላላክ ሰው እንቅልፍ ከየት ያገኘዋል?
ለካ ፍቅር ሲጀምር በወጪ ይታወቃል፦
ሲጋራዬ ቀነሰ፤ የባትሪ ድንጋይ ግን ያልቃል።

አንድ ሌሊት ነው፣ ጅቦች ወንዙ ዳር ሲያላዝኑ፣
ከአትክልቱ ቦታ ደረስኩ፤ ሁለቱ ከዛፍ ኋላ ሲሆኑ፣
ፈጣሪ በምሽቱ ነፋስ ሲመላለስ፣ ሲጣራ፣
ዘበኛ መሰለኝ፣ ጨለማ የማይፈራ።
እኔ «ማነህ?» የምለው ላባርር ነው፣ ዱላ ይዤ፤
እሱ የጠራው ሊያገኝ ነው። ቆየሁ እዚያ ፈዝዤ።
በዚያ ገጽ የድንበሩ እርሳስ ምንም አላለም፤
ወይ አላየው፣ ወይ አይቶት እጁ አልታዘዘም።
እኔ ጻፍኩበት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፦
«እኔስ የት ነበርኩ?» የመጨረሻው ፊደል በላቤ ቀለጠ።

ንጋት ላይ አያንቱ ስትመጣ፣ ፔርሙስ በክንዷ አንጠልጥላ፣
የራሷን በኦሮምኛ ይዛ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣
አንዱን መስመር በሁለት ቋንቋ እንመዝናለን፤
«የኔው ይከብዳል» ትላለች፤ «የኔው» እላለሁ፤ እንሟገታለን።
እሷ የምትጸልየው አዳራሽ፣ እኔ ደጀ ሰላም ቆሜ ነው፤
ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሻዩ ግን የጋራ ነው።
አናጢዎቹ ሲገቡ ቆመው ይስቁብናል፤
«ዛሬስ ስንተኛው ምዕራፍ ተሰረቀ?» ይሉናል።

ቅዱስ አልሆንኩም። ደሞዝ ሲዘገይ እራገማለሁ፤
ተረኛው ሲያረፍድብኝ አሁንም እቆጣለሁ።
ፀሐይ ከየረር ማዶ ብርሃኗን ስትሰበስብ ግን
ወደ ሥራ የሚቸኩል ሰው ሆኛለሁ፤
ሚስቴ «ማን ይጠብቅሃል?» ትላለች፤ ምን እላታለሁ?

ትናንት ማታ ደወልኩለት፦ «ያቺ 'ለምን' ስለምን ነበረች?»
ሳቀ ከገላን ማዶ፦ «እኔንም ጠፋችኝ፤ አንተጋ ስትደርስ ምን አለች?»
ልነግረው ስጀምር ካርዴ አለቀ፤ ድምፁ ተቆረጠ።
ነፋሱ ፎቁን ዞረ። ገጹ ራሱን ገለጠ።
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ
ካቆምኩበት ቀጠልኩ።