አንድ ሙዝ

ስምንት ወር ደከምኩ፣ ክብ ገበታ ሣልኩ፣
የተማሪን ገንዘብ በቀለም ከፈልኩ፤
ኪራዩ ሰማያዊ፣ ምግቡ ብርቱካን፣
ሐምራዊው ለመጽሐፍ፣ ቀዩ ለባከነ ቀን።
አማረ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ።
ማንም ግን ተርቦ ስክሪኑን አላየልኝ።

ረቡዕ ሞርቨን መጣች፣ ከሌሊት ተረኝነት፣
የነርስ ተለማማጅ፣ ሁለተኛ ዓመት፤
ፀጉሯ ላይ የዳንዲ ካፊያ ገና አልደረቀም፣
ከወንበሩ ጫፍ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም።
«እስቲ ክፈቺው» አልኳት፣ «ስንት እንዳለሽ እይ።»
ስልኩን አልነካችም።

«እኔ አፑን አልከፍትም» አለች።
«ሱቅ እገባለሁ፤ አንድ ሙዝ አነሳለሁ፤
ካርዴን አስጠጋለሁ።
ማሽኑ ጢጥ ካለ፣ ገንዘብ አለኝ ማለት ነው።
እምቢ ካለ፣
ሙዙን መልሼ፣ እንዳልራበው ሰው እወጣለሁ።»

አንድ ሙዝ!
ከስምንት ወር ክቤ፣ ከቀለሜ ይልቅ
ሃያ ፔንስ ያልሞላው ሙዝ ነው እውነት የሚያውቅ።

ያን ማታ የገዛ ሥራዬን እንደ ባላንጣ መረመርኩ።
ከላይ፣ በትልቁ፣ «ያለዎት» የሚል ቁጥር፦
ሰባት መቶ ፓውንድ።
ከሥሩ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል፦
ከዚህ ውስጥ ስድስት መቶው የባንኩ ብድር።
የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤
እኛ ግን አድምቀነው፣ አንገቷ ላይ አጥልቀን፣
«ያንቺ ነው» ብለናታል።

ሐሙስ ክቡን ደመሰስኩት።
ብርቱካኑ ሄደ፤ ሰማያዊው ሄደ፤
ቀዩ ላይ ስደርስ ትንሽ ቆየሁ፣ እወደው ነበር።
ኪራይና አውቶቡስን አስቀድሜ ቀነስኩ፣
ብድሩን ከዓይን አርቄ ለብቻው አስቀመጥኩ፣
የተረፈውን ድጎማው እስኪገባ ባሉት ቀናት አካፈልኩ፦
«ዛሬ፦ አራት ፓውንድ ከሃያ።»
በቃ። ሌላ የለም።

ቶርኪል፣ አለቃችን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ቁጥሩ አነሰ፤ ደንበኛ ይደነግጣል» አለ።
«አሁንም ትደነግጣለች» አልኩት፣ «ሱቅ ውስጥ፣ ሰው እያየ።»
ብዙ ዝም አለ። ከመስኮቱ ውጭ
አንዲት የባሕር ወፍ ከአንድ ልጅ እጅ የተጠበሰ ድንች ነጠቀች።
«ለሦስት ወር» አለ በመጨረሻ፣ «ለሁለት መቶ ተማሪ ብቻ።»

ሞርቨን በኖቬምበር ተመልሳ መጣች።
ሳልጠይቃት ራሷ ከፈተች፤ አነበበች።
ፊቷ አልፈካም። አራት ፓውንድ ፊት አያፈካም።
ገቢ አልጨመርኩላት፣ ኪራይ አልቀነስኩ፤
አንድ ውሸት ነበረ፣ ከዙፋኑ አወረድኩ፤
ሥራዬ ይኸው ነው።

ከጃኬቷ ኪስ ሙዝ አውጥታ እየላጠች
«ይሄኛው» አለች፣ «ርቦኝ ነው።»
ደግሞ ጎርሳ ሳትውጥ፦
«ፊደሉ ግን አሁንም ያንሳል።»