የብዕር ሰዓት

ሥራዬ ንባብ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ክንፉ ጥላ ሲጥል፣
ጎንበስ ብዬ ገብቼ ከቆጣሪው መስኮት ሰዓት ስነጥል፤
ሰዓት ብቻ አይደለም፣ የሰዓት አንድ አሥረኛ፤
ስድስቷ ደቂቃ የሦስት ቀን ምንዳ ናት ለቀን ሠራተኛ።

ሜዳው ዴካን ላይ ነው፤ አገዳ ከቦታል በግራና በቀኙ፣
አንካሳ ውሾች ናቸው እመሃል አስፋልቱ ሲሻቸው የሚተኙ።
ማስታወቂያው ላይ ግን ትከሻን ያስጌጠ ወርቅ መስመር አለ፣
እኛ ግቢ ገብቶ የማያውቅ አውሮፕላን ደመና ላይ የዋለ።
ከስድስቱ የኛ ሁለቱ ይበራሉ፤ አንዱ ጎማ ጠፍቶት፣
አንዱ ሞተሩን ላንዱ አበድሮ ቆሟል ሣር በቅሎበት።
አስተማሪ ይለቃል በየሁለት ወሩ፤ ተማሪ ግን ይቆያል፣
ዝናብ ቢጥል ይከፍላል፣ ጭጋግ ቢወርድ ይከፍላል፣
ሰማዩን በመስኮት ያያል።

ሁለት መቶ ሰዓት ነው የሕጉ መስፈሪያ። ጊዜ ቀድሞ ሲያልቅ
ዋናው ይጠራኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የበሩን እጀታ ሳይለቅ።
«ይህን ልጅ አብርረው» ይላል፤ ብዕር ይሰጠኛል።
በረራው ቀላል ነው፤ ነዳጅ አይፈልግም፣ ወንበር ይበቃኛል።
ከገጹ ተነሥቼ፣ በገጹ አቋርጬ፣ በገጹ አርፋለሁ፤
የጎን ነፋስ የለ፣ የወፍ መንጋ የለ፣ ሻዬን እጠጣለሁ።

አርባ አንድ ሰዓት ጻፍኩ ለኦምካር ሳርፖትዳር፤
መጥፎ ልጅ አልነበረም፤ አባቱ ስኳር ፋብሪካ አለው ከወንዙ ዳር።
ቸኩሎ ነው እንጂ፤ አየር መንገድ ጠርቶት ፈተና ቀረበ፣
በአንድ ሌሊት ብዕሬ ለዚያ ልጅ ሰማይ ጠረበ።
እኔም የልጄን ክፍያ በዚያ ወር ከፈልኩ። ትምህርት ውድ ነው፤
አንዱ ልጅ ሲማር እዚህ አገር በሌላው ልጅ ነው።

ጂንሲ ቫርኪ የመጣች ሄል ከሚለቀምበት ከኢዱኪ ተራራ፤
መሬቱ ወለድ አገድ፣ ቤቱ ወለድ አገድ፣
ከሥሩ የአባት ፊርማ፣ የእናት አደራ።
መቶ ሰማንያ ስድስት ላይ ደረሰች፤ ሄል በዚያ ዓመት ረከሰ፤
ከቤት የሚመጣው ገንዘብ ቀጠነ፣ ቀጠነና ተበጠሰ።
ዐይኗን አየሁትና ሳልጠየቅ ጻፍኩላት፣ በነጻ፣ አሥራ አራት፤
በማግሥቱ ማታ መዝገቧን ታቅፋ መጣች፣ ሳትበላ ራት።

«ይህን ማን በረረው?» አለችኝ። «ማንም» አልኩ።
«እንግዲያው ማንም ይውሰደው» አለች። እኔ ዝም አልኩ።
«ሌሊት፣ በዝናብ፣ አንዱ ሞተር ሲጠፋ፣ ሰማዩ ‹የታል?› ሲለኝ፣
እጄ የማያውቀውን አሥራ አራት ሰዓት ከየት ነው የማገኝ?»
በማስመሪያ ሰረዘች። በቀይ። አሥራ አራት መስመር። አልቸኮለችም።
ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። አልተመለሰችም፤
ወይ ተመልሳ፣ እኔ ለቅቄ፣ አላገኘችኝም።

ባለፈው ሰኔ ነው። ወንድሜን ልጠይቅ፣ መስኮት ዳር፣ ሃያ ሁለተኛ ረድፍ፣
ቀበቶዬን አሥሬ ዝናቡን አያለሁ ከክንፉ ጫፍ ሲረግፍ።
ድምፅ ማጉያው ነቃ፦ «ካፒቴናችሁ ነኝ፣ ኦምካር ሳርፖትዳር»፤
እጄ ብዕር የያዘ ይመስል ተጨበጠ ከወንበሩ ዳር።
ከጎኔ አንዲት ሴት ሕፃን ታጠባለች።
ደመናው ውስጥ ገባን። አውሮፕላኗ ወረደች፣ ወጣች፣ ተንገጫገጨች።
አርባ አንዱን ሰዓት ቆጠርኩ፣ አንድ በአንድ፣ በጻፍኩበት ቀለም፤
ይህ የጎን ነፋስ ነው፤ ያን ማታ ሻይ ስጠጣ የዘለልኩት ነው፤
ከገጹ ላይ የለም።

አረፈ። እንደ ሐር። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።
ካፒቴኑ በር ላይ ቆሞ ያመሰግናል፤ አላወቀኝም፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።
ምናልባት ኋላ በርሮ ተምሮታል። ምናልባት ዕዳው አለ፣ ቀኑ አልደረሰም።
ሻንጣዬን ስጠብቅ ቀይ መስመር ታየኝ፣ አሥራ አራት ጊዜ፤
የዚያች ልጅ ማስመሪያ አንዴም አልዛነፈም።