የበቆሎ መድኃኒት

ሂርማታ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
አንድ ሰው ብቻ የምታስቆም ሱቅ አለችኝ የኔ፤
ሊትሩን በክዳን፣ ቆርቆሮውን በፍሬ
እየቆነጠርኩ የምሸጥባት፣ በገዛ ሚዛኔ።

ተባይ የሚፈጀውን «መድኃኒት» እንለዋለን፤
ትኩሳት የሚያበርደውንም «መድኃኒት» እንለዋለን።
በኦሮምኛ ብትለው «ቆሪቻ» ነው፤ ያውም አንድ ነው።
ሁለት ቋንቋ ሙሉ ሰው በአንድ ስም የጠራውን
እኔ ባለ ሱቁ በምን አውቄ ልለየው?

ሐሙስ ነው። ሻምሲያ ከሰቃ መጣች፣
ሻሿ በዝናብ ርሶ፣ ግንባሯ ላይ ተኝቶ፤
«በቆሎዬን ነቀዝ ዱቄት አደረገው» አለች፣
«ልጆቼ ሳይቀምሱት፣ አለቀ ተበልቶ።»

ስድስት ፍሬ ሰጠኋት፣ በፌስታል ቋጥሬ፤
ግራጫ፣ የካፖርት አዝራር የሚያካክል።
«ጽሑፉ ምን ይላል?» አለች፣ ቆርቆሮውን አይታ።
ቋንቋውን አላውቀውም። የማውቀው ሥዕሉን ነው፤
የራስ ቅል፣ ከሥሩ ሁለት አጥንት ተመሳቅሎ።
«ከልጆች አርቂው ይላል» አልኳት።
አላነበብኩትም። ገምቼ ነው።

አራቀችው፤ ሐቅ ነው።
ልጅ እጅ እንዳይገባ ጆንያው ሆድ ውስጥ ቀበረችው።
ጆንያው ግን ከአልጋው ሥር ነው፣
ቤቱም አንድ ክፍል ነው፣
መስኮቱ ብርድ ተፈርቶ በጨርቅ ተወትፏል፤
ያ አዝራር ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይተነፍሳል።

«ማነው በሌሊት ነጭ ሽንኩርት የሚልጥ?»
አለ አሉ ትንሹ፣ ፉአድ።
ሳቁበት።
ተኙ።

ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ፣ ነርሷ እየሮጠች፣
«ምን ነበር ቤት ውስጥ?»
«መድኃኒት።»
«የምን መድኃኒት?»
«የበቆሎ።»
ነርሷ ቆመች። ለዚህኛው ማርከሻ የለውም።

በሦስተኛው ሐሙስ ሻምሲያ መጣች።
አልጮኸችም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።
ፌስታሉን ፈትታ አንድ ጭብጥ ግራጫ አመድ አሳየችኝ፤
«ከጆንያው ሥር የተረፈህ ነው» አለች፣ ሄደች።

አዌቱ ልበትነው ስል፣ ታች ልብስ የሚያጥቡ አሉ፤
ጓሮ ልቅበረው ስል፣ የሚስቴ ጎደሬ አለ።
እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ነው፣ በጠርሙስ፤
በእጄ ጽፌበታለሁ፣ «መርዝ»፣ ከሥሩም «ሱሚ»።
ፊደሌ አያምርም፤ ግን ይነበባል።

ገበያተኛው አሁንም አንገቱን አስግጎ፣
«መድኃኒት አለ?» ይላል።