የኦሌና ማሰሮ

ወይዘሮ ኦሌና ወደ ብራንደን፣ ልጃቸው ቤት ሲሄዱ፣
ሶፋውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ፣ ሳህኑን ለዘመዱ፤
ለእኔ በአጥሩ ቀዳዳ እየገፉ ያስረከቡኝ፣
አፉ የተሸረፈ፣ ገና ሳነሳው ወገቤን የያዘኝ፣
አንድ የሸክላ ማሰሮ ነበረ፤
ቅጠሉ የባሮ ሽንኩርት የሚመስል፣ ሥሩ ከአፈሩ በልጦ የተቋጠረ።
«ስሟ አጋፓንተስ ነው። ሐምሌ ላይ ሰማያዊ ታብባለች፤
አደራ፣ ቤት አትቀይርባት፤ እንዲህ ታፍና ለምዳለች።»

አልሰማሁም።
እኔ ዊኒፔግ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የአውቶቡስ ሞተር የምፈታ ሰው ነኝ፤
የተጨናነቀ ነገር ባየሁ ቁጥር እጄን የሚበላኝ።
በዚያው ቅዳሜ ግማሽ በርሜል ገዝቼ፣
ሦስት ከረጢት አፈር፣ ፍግም አክዬ፣ እስከ አፉ ሞልቼ፣
«ተንፍሺ» አልኳት። «እግርሽን ዘርጊ፤
ከእንግዲህ የሚጎድልብሽ የለም፤ እደጊ።»

አደገች።
የመጀመሪያው በጋ፣ ቅጠል።
ሁለተኛው በጋ፣ ቅጠል።
በሦስተኛው ፖስተኛውን ክንዱን ሳትዳብስ አታሳልፍም፤
አበባ ግን? ላመል እንኳ የለም።
ይርገዱ በመስኮት አጮልቃ «ሰላጣ ነው እንዴ?» ትለኛለች፤
ቀልዷ ሳያልቅ፣ እሷው ቀድማ ትስቃለች።
ማዳበሪያ ጨመርኩላት፤ ለሣር የሚሆነውን፤ አንድ ጣሳ፣ ሁለት፤
ፈተና ለወደቀ ልጁ ደብተር ላይ ደብተር እንደሚገዛ አባት።

በመጨረሻ ደወልኩ። ወይዘሮ ኦሌና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።
«ሰፊ ቤት ሰጠሃት! ታዲያ ጊዜ ከየት ይምጣላት?
ጓዳ ለጓዳ እየዞረች ማዕዘን ስትለካ ትውላለች፤
ግድግዳ ጎኗን ሲነካት፣ ያኔ ቀና ትላለች።
ክረምቱንስ የት ነው የምታሳድራት?»
«ሳሎን፤ ከማሞቂያው አጠገብ።»
ዝም አሉ። ከዚያ በቀስታ፦ «ትተኛ እንጂ፤ ይብረዳት፤ ትንሽም ትራብ።»

ሚያዝያ ላይ በርሜሉን ገለበጥኩ።
ሥሩ ነጭ፣ ጣት ጣት የሚያህል፣ እንደ ተጠላለፈ የሞተር ሽቦ፤
በዳቦ ቢላዋ ገዘገዝኩት። (ስለ ቢላዋው ከይርገዱ ጋር የተባባልነው ይቅር።)
ግማሹን ለፖስተኛው። ግማሹን ለዚያው ለአሮጌው ማሰሮ፣
ምስማሬን ከውስጡ አራግፌ፣
እንደ ጠባብ ጫማ ወትፌ።

ያን በጋም አላበበችም። ተቀይማ ይሆናል።
የተቆረጠ ሥር ቂሙን አንድ ዓመት ያቆያል።

ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ ሳያገኛት፣ ምድር ቤት አወረድኳት፤
ከውጭው ግድግዳ ሥር፣ ትንሿ መስኮት ካለችበት።
ቴርሞሜትር ሰቀልኩ፤ ስድስት፣ አምስት፣ አንዳንዴ አራት።
በወር አንድ ኩባያ ውሃ። ሌላ ምንም።
መከልከል እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም።
ደጁ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን፣
በረዶው የጎማ ድምፅ ሲያሰማ ከጫማዬ ሥር፣
ከፈረቃ ስመለስ፣ መብራት ሳላበራ ደረጃውን እወርዳለሁ፤
ኩባያውን እንደሞላሁ እቆማለሁ፤
ሳልሰጣት እመለሳለሁ።

መጋቢት፣ ወደ ብርሃን።
ግንቦት መጨረሻ፣ ወደ በረንዳው፣ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር፤
ማዳበሪያም፣ የቲማቲሙን፣ በማንኪያ፤ እጄ እየፈራ።

ሐምሌ። የሰሜኑ ደን ተቃጥሎ ጭሱ ከተማውን የሸፈነ ሳምንት፤
ፀሐይዋ የደከመች ብርቱካን።
ይርገዱ ጠራችኝ፤ ሰላጣ አላለችም።
ከቅጠሉ መሀል አንድ ዘንግ፣ ጫፉ እንደ ካንዴላ የሾለ፣
በቀጭን ልባስ የተጠቀለለ።
ቅጠል መስሎኝ ትናንት ልቆርጠው ነበር።
በአሥራ አንደኛው ቀን ልባሱ ተቀደደ፤
ሰማያዊው አንድ በአንድ ወረደ።
ስልሳ አንድ ቆጠርኩ። ይርገዱ ስልሳ ሦስት።
እስካሁን አልተስማማንም።

ብራንደን ደወልኩ።
ቀለሙን አልጠየቁኝም። ስንት እንደሆነም።
«ማሰሮው ተሰነጠቀ?»
ስልኩን ይዤ ወጣሁ፤ ተንበረከኩ፤ ከተሸረፈው አፍ ወደ ታች
ፀጉር የምታህል መስመር አለች።
«ጀምሯል» አልኳቸው።
«እንዳትነካው» አሉ፤
ዘጉት።