ግራ እግር

የፉንሻል ዳገት፣ ከሙዙ እርከን በላይ፣
ዴኦሊንዳ ቆማለች ቀይ መብራት ላይ።
ግራ እግሯ ይዳብሳል፣ ፍሪሲዮን ፍለጋ፤
ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስታመላልስ፣ ክረምት ከበጋ፣
የለመደው የለም፤ ወለሉ ነው ባዶ።
«ጡረታ ወጣህ እኮ!» ብትለው፣ አይሰማም ለምዶ።

ልጇ ነው የገዛው፣ ጉልበቷን ሲያማት፤
«ኦቶማቲክ ናት እናቴ፣ አትነካኪያት!»

አረንጓዴ በራ።
መኪናዋ ማርሹን ለራሷ መረጠች፤
አመነታች፣ ጮኸች፣ ዳገቱን ረገጠች።

ቁልቁል ስትመለስ
ከታች ቀይ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ማዶ ባሕር፤
መንገዱ መሰላል፣ ለእባብም የሚያስቸግር።
ፍሬኑ ሸተተ፣ የጋለ ብረት።
የልጇን ቃል ጥሳ ዘንጉን ጎተተችው፣ ከ«ዲ» ወደ «ሁለት»።

ሞተሩ አቃሰተ፤ ቁልቁለቱን ያዘው።
ግራ እግሯም ከታች፣ ማንም ሳያዘው፣
ባዶውን ረገጠ፣
ልክ በሰዓቱ።