የሳሎን ፍራሽ

መዝገበ ቃላቱ ላይ አንድ ቃል ፍቺው ባዶ ቀርቷል፤
አዘጋጁ ትናንት ደውሎ «ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል» ብሏል።

ወንድ ልጅ ለእናቱ ሲሳሳ፣ በአባቱ ደግሞ ሲቀና፣
ምን እንበለው? የግሪኩ ንጉሥ ስም እዚህ ሰፈር አይታወቅምና።

«የእናት ስስት» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። እናቲቱ የሳሳች ይመስላል።
«የአባት ቅናት» አልኩ። ይሄም ያው፤ ቀናተኛው አባት ይሆናል።
«ውጥንቅጥ» የሚል ጨመርኩበት፤ ቁም ሳጥኔን ያስታውሰኛል።

ቱሉ ዲምቱ፣ አምስተኛ ፎቅ። ውሃ ከሄደ አራት ቀኑ፤
ደረጃው ሥር ተሰልፏል የየቤቱ ጄሪካኑ።
ከሕንጻው ጀርባ የቀረች አንዲት የምስር ማሳ አለች፣
ዘንድሮም ሳትሸጥ ከረመች።

ጉርሜሳ የጅቡቲ ሹፌር ነው። ተሳቢውን ይዞ ሲሄድ፣
ኢፋ ትራሱን ታቅፎ ይመጣል ከእኔ ዘንድ።
አሥራ አንድ ሌሊት፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት፣ ጉልበቱ ጎኔን እየወጋ፣
በአባቱ በኩል ተኝቶ፣ በአባቱ ጋቢ፣ እስኪነጋ።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ማዞሪያው ጋ፣ ያ የምናውቀው ጡሩምባ፤
አቧራና ናፍጣ የሚሸት ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ
ልጁ አያለቅስም። ይነሣል። ትራሱን ይዞ ሳሎን ይሄዳል፣
ፍራሹን ራሱ ይዘረጋል።
የመጣለት ቴምር ግን ሳይነካ ያድራል።

ባለፈው ጠዋት፣ ጉርሜሳ ሻዩን ይዞ ተቀምጦ፣
ኢፋ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ኮስተር ብሎ፣ አፍጥጦ፣
«መቼ ነው የምትሄደው?» አለው።

«ሰኞ» አለ ጉርሜሳ። ልጁ ወደ ውጭ ሲሮጥ፣ ቀስ ብሎ፣
«እኔም አባቴን እንዲሁ ጠይቄው ነበር» አለኝ፣ ብርጭቆውን በእጁ ከልሎ።
«ነገረኝ፣ ሄደ። ደስ አለኝ።
ከዚያ ወዲህ አልመጣም።»
ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ሻዩንም አልጠጣም።

ሰኞ ሄደ። ማታ ኢፋ ፍራሹን አልጠቀለለም፤
መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል፤ አልመጣም፣ አልተኛም።
«ና ግባ፣ ብርድ ነው፣ አባቴ!» ብዬ ከመኝታ ቤት ተጣራሁ፣
ካፌ ከወጣ በኋላ ነው የገዛ ቃሌን የሰማሁ።

አባቴ።
እናቴ ወንድሜን እንዲህ ስትለው ነው የኖረች፤
ጎረቤቴም ልጇን፣ አሁን፣ በደረጃው ላይ፣ ትላለች።
ይህ ቋንቋ ልጁን በአባቱ ቦታ ካስተኛው ስንት ዘመኑ!
እኔ ግሪክ ድረስ እሄዳለሁ፣ ደጄ ላይ እያለ ስሙ።

ገጹ ላይ «የሳሎን ፍራሽ» ብዬ ጻፍኩ፤ አዘጋጁ ይሰርዘው።
ልጁ ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ትራሱን በሁለት እጁ እንደያዘው፣
«አባባ ግን ይመጣል?» አለ።